ሦስተኛው ስንኝ

ጥቅምት 8

ለክብርት እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ወገብሽም ዓይንሽም ከስፌት መኪናው ጋር ታርቀው ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ብርድ በገባ ቁጥር ያኮርፋል። በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን አንቺ ስልክ ላይ «ደህና ነሽ? እኔም ደህና ነኝ፤ ይቆጥርብሻል፣ ዝጊው» ከማለት ሌላ አታውቂም። ደብዳቤ ላይ ነው ጨዋታ የምታውቂው።

ሥራዬ ያው ነው። የሆስፒታሉ አንሶላ ከመተኮሻው ማሽን ትኩስ ትኩሱን ይወጣል፤ እኔ በዚህ ጫፍ፣ ጓደኛዬ በዚያ ጫፍ ይዘን እናጥፋለን። ማዶ ነው የምላት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንሶላ ማዶ ነው ያየኋት። ቀኑን ሙሉ አንጎራጉራለሁ፤ እሷ በእኔ ዜማ እጥፋቱን ትቆጥራለች። ዝም ካልኩ ትሳሳታለች።

ይቺ ማዶ ጉድ ሠራችኝ። እዚህ ያለነው ያገር ልጆች ማኅበር አለን፤ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ፒያኖና ሰማንያ የፕላስቲክ ወንበር። ዘንድሮ የዘፈን ቲያትር ሊያሳይ ነው። ጎርፍ ድልድዩን ወስዶባቸው ባቡር ጣቢያ ውስጥ ሦስት ቀን ስለቆዩ መንገደኞች ነው ታሪኩ። ተጫዋቾቹ በፈተና ይመረጣሉ ተብሎ በሩ ላይ ተለጠፈ። ማዶ የራሷን ስም ጻፈችና ከሥሯ የእኔን ጨመረች። «ምን አደረግሽ?» ስላት «ለብቻዬ እንዳልፈራ» አለችኝ። እኔ እንድፈራላት መሆኑ ነው።

ፈተናው ጥር 30 ነው። አዘጋጇ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። ፒያኖ የሚመታው ጥርስ ሐኪም ነው፤ ቀን የሰው ጥርስ ይነቅላል፣ ማታ የፒያኖውን ጥርስ ይደባብሳል እያልን እናማዋለን። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። በቲያትሩ ውስጥ ለትኬት ሻጯ ቦታ ብቻሽን የምትዘፍኚው ትልቅ ዘፈን አለ እያለች ማዶ ትገፋፋኛለች።

ግን እትዬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አንዴ አልፈልግሽም የተባልኩ ሰው ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ቲያትር ቤቱ ሁለት ስንኝ አዘፍኖኝ «ሦስተኛውን ለሁለተኛው ፈተና አቆዪልን፤ ካለፍሽ በደብዳቤ እንጠራሻለን» ሲለኝ፣ ደረጃውን ስወርድ አንድ ጫማዬ መውለቁን እንኳ አላወቅሁም። ከዚያ ስድስት ሳምንት ፖስተኛ ስጠብቅ አንቺው አይተሻል። በመጨረሻ ሄጄ ዘበኛውን ስጠይቀው «ያለፉት በደብዳቤ ተጠርተዋል እኮ የኔ ልጅ» አለኝ። ያቺን «የኔ ልጅ» እስከ ዛሬ እጠላታለሁ።

ብቀር ማን ይታዘበኛል? ምከሪኝ። ደግሞ አንቺ መኪናው ላይ ሆነሽ የምታንጎራጉሪው፣ እኔም ያኔ ለቲያትር ቤቱ የዘፈንኩት ያ የሰፊዋ ዘፈን ሦስተኛ ስንኙ ጠፋብኝ። የፈለጋችሁትን ዝፈኑ ብለዋል። ብሄድም ባልሄድም ላኪልኝ።

ወንድም ጋሼን ነፍሱን ይማር።

ያሳደግሻት ዋኖስ


ጥቅምት 28

ለልጄም ለእህቴም ለዋኖስ፣

እግዜር ቀንሽን ያቅልልሽ፣ ጉልበትሽንም ይደግፍልሽ። እኔ ደህና ነኝ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሠላሳ ሁለት ቀሚስ ይዣለሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው፤ በሕልሜም ሰማያዊ መስፋት ጀምሬያለሁ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴ፣ ያንቺው ወንድም፣ በሕይወት ቢኖር እሱ ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር፤ አሁን ራሴው ነኝ። ያኔ እንደጻፍኩልሽ ፊደሉን የለየሁት ልብስ የምቀድበትን ጋዜጣ እያገላበጥኩ ነው። እጅጌ ላይ ግማሽ ወሬ አገኛለሁ፣ ኮሌታው ላይ የቀረውን እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ወሬው ትከሻ ላይ ሲደርስ ተቆርጧል። አሁን ከቤተ መጻሕፍት በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ መጽሐፍ አወጣለሁ። ልጅቷ «እትዬ ሰፊ፣ ይኼኛው ወፍራም ነው» ስትለኝ «ቀጭን አድርጌ እመልሰዋለሁ» አልኳት።

ስለ ፈተናው፣ ሂጂ። ደስ ካለሽ ሂጂ። ያለፈውን እንዳለፈ ቁጠሪው። እኔ ምን አውቃለሁ።

ስንኙን እኔም ዘንግቼዋለሁ። ትዝ ካለኝ እጽፍልሻለሁ።

ለፈተናው ቀን ልብስ ልስፋልሽ። ልክሽን ላኪልኝ፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ጉልበት። ጥቁር ሰማያዊ እንዳይሆን ብቻ ለምኚኝ።

አሳዳጊሽ


ኅዳር 16

ለእትዬ፣

መርፌሽ አይታጠፍ፣ ክርሽም አይቋጠር። ልኬን ማዶ በገመድ ለካችኝ። ደረት ዘጠና ስምንት። ወገብ ሰማንያ ዘጠኝ፤ ስትስቅብኝ ዘጠና አንድ ይሆናል። ዳሌ መቶ ስድስት። ይህን ቁጥር ካንቺ በቀር ለማንም እንዳታሳዪ፤ ያኔ ስትሸኙኝ ሽቦ ነበረች ብለው የሚያስቡ ሰዎች አሉ።

ደብዳቤሽ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁለት ገጽ ጽፈሻል፤ ስለ ኮሌታ፣ ስለ እጅጌ፣ ስለ ወፍራም መጽሐፍ። ስለዚያ ስላልመጣው ደብዳቤ አንድ ቃል የለሽም። እኔ ያን ሁሉ ጽፌ አንቺ «ያለፈውን እንዳለፈ ቁጠሪው» ብለሽ አለፍሽ። ሃያ ስድስት ዓመትም እንዲሁ ነሽ። በስልክ ሳነሣውም ዝም ትያለሽ።

ማታ ማታ ሳስበው አንድ ነገር ገባኝ። እትዬ፣ አንቺም ያኔ ድምፄ አይበቃም ብለሽ ታስቢ ነበር ማለት ነው። ልታስቀይሚኝ ስላልፈለግሽ ነው ዝም ያልሽው። አልቀየምሽም፤ አንቺ ያልወደድሽውን ልብስ አማረብሽ ብለሽ የማታውቂ ሰው ነሽ። ዘፈኑ ደግሞ ያንቺ ነው። አንቺ የራስሽን ግጥም የምትዘነጊ ሰው አይደለሽም። እንዳልዘፍነው ብለሽ ነው።

ስለዚህ አልሄድም ብዬ ለአዘጋጇ ነገርኳት። «ስምሽን አልሰርዝም፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን እናየዋለን» አለች። እንደ ተማሪ ነው የምታየን።

ልብሱን ግን ስፊልኝ። ለምንም ለምንም ያንቺ ልብስ ያስፈልገኛል።

ዋኖስ


ታኅሣሥ 8

ለውዴ ለዋኖስ፣

ጤናሽ ይብዛ፣ ደጅሽም ደግ ሰው አይጣ።

ልብሱን በጥቅል ልኬልሻለሁ። ቀለሙ የቡና ፍሬ ቀይ ነው፤ ጨርቁ ክብደት ስላለው መድረክ ላይ አይርገበገብም። ባለ ገበር ነው። ገበሩን ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሰፋሁት።

የጻፍሽው እውነት አይደለም። ድምፅሽ ይበቃ ነበር። ከሚበቃም በላይ ነበር። ይህን ከእኔ ስሚ።

አሁን የምልሽን ልብ አድርጊ። ወገቡ ከጠበበሽ በግራ ጎን በኩል ገበሩን ፍቺው። በነጭ ክር የሰፋሁት አምስት ስፌት ብቻ ነው፤ በቀላሉ ይፈታል። ለሌላ ሰፊ አትስጪው። ራስሽ ፍቺው፣ ብቻሽን ስትሆኚ፣ ተቀምጠሽ። ወገቡ ሳይጠብሽ አይቀርም።

ስንኙን አሁንም አልጻፍኩልሽም። ልብሱ ይቅደም።

አሳዳጊሽ


ታኅሣሥ 27

ለእትዬ፣

እጅሽ ይባረክ፤ የሰፋሽው ሁሉ ለባለቤቱ ይስመርለት።

ምን ልበልሽ? ልብሱን ለብሼ ከመስተዋቱ ፊት ስቆም ማዶ አፏን ይዛ ቀረች። ወገቡ አይጠብም፣ አይሰፋም። ስትስቅብኝ እንኳ ለምትጨምረው ሁለት ሳንቲሜትር ቦታ ትተሽለታል። ገበሩን መፍታት የሚባል ነገር አላስፈለገም፤ እንዲህ ለክቶ የሰፋ እጅ ላይ መቀስ ማንሣት ነውር ነው። በግራ በኩል ስቀመጥ ትንሽ ወረቀት ወረቀት ይላል፤ ማጠንከሪያ ያገባሽበት መሰለኝ። ቀጥ አድርጎ ይዞኛል፤ ይሁን።

የምነግርሽ ግን ደስ አይልሽም። ልብሱን ለማዶ አውሼአታለሁ። እሷ ለፈተናው የምትለብሰው የላትም፤ እኔ ደግሞ አልሄድም። ቁመታችን እኩል ነው፤ አንሶላ እኩል የምንይዝ ሰዎች ነን። ትንሽ ይሰፋታል፤ ወገቡ ላይ ጠበብ አደርገዋለሁ ብላለች። ስፌት ታውቃለች አትስጊ።

እሷ ትለፍ። እኔ ከታች ተቀምጬ አጨበጭባለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከውሳኔው በኋላ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ነበር፤ አልወሰደኝም። ማሽኑ ጋ ስቆም ማንጎራጎር ትቻለሁ። ማዶ በቀን ሦስት አራት አንሶላ ትሳሳታለች።

ድምፅሽ ይበቃ ነበር ያልሽው ጥሩ ቃል ነው። ግን ሰው ሲሞት የሚባል ዓይነት ቃል ነው።

ዋኖስ


ጥር 10

ለዋኖስ፣

ሰላምታዬን ከመጨረሻው ላይ አድርጊው፤ ዛሬ ከፊት የሚቀድም ነገር አለ።

ወረቀት ወረቀት የሚለው ማጠንከሪያ አይደለም። ያንቺ ደብዳቤ ነው። ከቲያትር ቤቱ የመጣልሽ።

መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ የተቀበልኩት።

አንቺ ክር ልትገዢልኝ ወጥተሻል። ወንድምሽ የጭነት መኪናውን ይዞ መንገድ ላይ ነው። ፖስተኛው በሩን አንኳኳና በእጄ ሰጠኝ። ያን ጊዜ ማንበብ አልችልም፤ ማኅተሙን ግን አወቅሁት። ክብ ነው፣ መሃሉ ላይ መጋረጃ አለበት፤ ስትመዘገቢ በሰጡሽ ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። ስለዚህ «አላነበብኩትም» ብዬ አላመልጥም። ሳላነበው አውቄዋለሁ።

ምክንያቱን የምነግርሽ እንድታውቂው እንጂ እንድትራሪልኝ አይደለም። ማንበብ እንደማልችል የምታውቁት አንቺና ወንድምሽ ብቻ ነበራችሁ። ቁጥር አውቃለሁ፤ ሜትሩን አነባለሁ። የማን ልክ የማን እንደሆነ የምትጽፊልኝ አንቺ ነበርሽ። ደንበኛው «ጽፈሽዋል?» ሲል አንቺን አይሽ ነበር። የዚያን ሳምንት አርባ ዩኒፎርም ይዘን ነበር። ቲያትር ቤቱ ከወሰደሽ አርባ ልጆች ስም አልባ ሆነው ጠረጴዛዬ ላይ እንደሚቀሩ ታየኝ። ሰው ሊያውቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እና ሁለት ቀን ብቻ ላቆየው አልኩ። ዩኒፎርሙ እስኪያልቅ።

ከመኪናው መሳቢያ ውስጥ ከተነጠፈው ወረቀት ሥር ከተትኩት። ሁለት ቀኑ ሳምንት ሆነ። በሳምንቱ ላወጣው ስል «የት ነበር?» ትይኛለሽ ብዬ ተውኩት። አንቺ በየቀኑ መስኮቱ ላይ ሆነሽ ፖስተኛውን ስትጠብቂ፣ እኔ በዚያው መሳቢያ ላይ ተቀምጬ እሰፋ ነበር። ክር ፍለጋ በከፈትሽው ቁጥር ጀርባዬ ይበርዳል። ከዚያ አገር ለቀሽ ሄድሽ። ወንድምሽ ቲያትር ቤቱ በዘመድ ነው የሚሠራ ብሎ እንደተቀየመ ሞተ። ለእሱም አልነገርኩትም።

ካንቺ ወዲያ ልክ የሚጽፍልኝ ስላልነበረ ፊደል ቆጠርኩ። የፈራሁትን ሥራ ሠራሁት ማለት ነው፤ ሦስት ወር ብቻ ፈጀብኝ። ከራሱ እስከ እግሩ ያነበብኩት የመጀመሪያው ወረቀት ያንቺ ደብዳቤ ነው። ጋዜጣው ሁሉ በእጅጌና በአንገት ቅርጽ ተቆርጦ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያልተቆረጠ ወረቀት እሱ ብቻ ነበር። ዳኞቹ ሁሉ መርጠውዎታል ይላል። ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሦስተኛውን ስንኝ ይዘው ይምጡ ይላል። ያን ቀን ስጨርሰው ሐሙሱ ካለፈ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ልብሱን ስልክልሽ ጠባብ አድርጌ ልሰፋው አስቤ ነበር፤ ገበሩን እንድትፈቺው። እጄ እንቢ አለኝ። ልኩን ሲያገኝ ልኩን ነው የሚሰፋው። ያኔ ከወረቀት ሥር ደበቅሁት፣ ዛሬ ከጨርቅ ሥር፤ አሁንም ስሰጥሽ ደብቄ ነው የሰጠሁሽ። ማዶ ወገቡን አጠባለሁ ብላ ብትፈታው በሰው እጅ ሊወጣ ነው። ይህን ሳነብ ተነሥቼ ደወልኩልሽ። አነሣሽ። «ደህና ነሽ?» አልኩሽ። «ደህና ነኝ፣ ምነው?» አልሽኝ። «ይቆጥርብኛል» ብዬ ዘጋሁት። የዚያን ቀን ስልክ ይህ ነበር።

ስንኙ ይኸውልሽ። አልዘነጋሁትም ነበር፤ ልጽፈው አልቻልኩም እንጂ።

ክሩም አለ በእጄ፣ መርፌውም አለልኝ፣
የተቀደደውን ማን ደፍሮ ባሳየኝ።

ይቅርታ አሁን አልጠይቅሽም፤ ጊዜ የለም። ደብዳቤ አሥራ አምስት ቀን ይፈጃል፤ ፈተናው ሃያ ቀን ቀረው። መጀመሪያ ሂጂ። አልፈልግሽም ያለሽ ሰው የለም። አንድም ቀን አልነበረም።

ጤና ይስጥሽ።


የካቲት 18

ለዋኖስ፣

በያለሽበት ሰላም ዋዪ።

ጥር 30 ሲያልፍ ቆጠርኩ። ከዚያ ወዲያም ቆጥሬያለሁ። ፖስተኛው አዲስ ልጅ ነው፤ በሩ ላይ ቆሜ ሲያየኝ ከሩቅ ራሱን ይነቀንቅልኛል፤ እንዳልደክም ብሎ ነው። ፖስተኛ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አሁን አወቅሁ። አንቺ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።

መልስ እንድትጽፊ አልጠይቅም። ደብዳቤዬ ሳይደርስሽ ፈተናው አልፎ እንደሆነ ብቻ ማወቅ ፈለግሁ። መጻፍ ካልፈለግሽ ባዶ ወረቀት ላኪልኝ፤ ደርሷል ማለት ይሆናል።

ስልኩን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ። መጽሐፉን ሳልጨርሰው መለስኩት።

እኔው


መጋቢት 4

ለእትዬ፣

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር አልኩና እጄ አልታዘዝ አለኝ። ስለዚህ እንዲሁ እጀምራለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ጥር 28 ነው። በምሳ ሰዓት የልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ አነበብኩት። ከዚያ ወደ ማሽኑ ተመለስኩና አንሶላውን ያዝኩ፤ ማዶ እየጎተተች እኔ ቆሜ ቀረሁ። «ምን ነካሽ?» አለችኝ። «ልብሱን አምጪ» አልኳት። «ከነገ ወዲያ እለብሰዋለሁ እኮ» አለች። «ዛሬውኑ አምጪ» አልኳት። ወገቡን ገና አልነካችውም ነበር፤ ሰነፍ በመሆኗ ተመስገን።

ብቻዬን ተቀምጬ ፈታሁት። አምስት ስፌት፣ ነጭ ክር። እንዳልሽው።

አልተቀየምኩም አልልሽም። ተቀይሜሻለሁ። ያኔ ስላደረግሽው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር፤ ልጅ ነበርሽ፣ ሃያ ስድስት ዓመትሽ ነበር፤ እኔም ከዚያ የባሰ የሠራሁት ይኖራል። ያልገባኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ማንበብ ከቻልሽ በኋላ እንኳ ሃያ ሁለት ዓመት በየደብዳቤው «ደህና ነሽ ወይ» ትይኝ ነበር። እኔ እዚህ በሰው አንሶላ ላይ ሳንጎራጉር ድምፄን እየሰማሁ አፍር ነበር፤ ዳኞች ያልፈለጉት ድምፅ ነው እያልኩ። አንቺ ደግሞ ታውቂ ነበር። ይህን ሳትመልሺልኝ አትቅሪ፤ ግን ዛሬ አይደለም፤ ስንገናኝ ፊት ለፊት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ደስ ባይለኝም ልጽፈው። ስሄድ የማን ልክ የማን እንደሆነ ማን ይጽፍላታል ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ወንድም ጋሼን እንኳ አደራ አላልኩትም።

ሄድኩ እትዬ። ማዶ የድሮ ጉርድ ቀሚሴን ለበሰች፤ እኔ ያንቺን። አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ነበር። ስሜ ሲጠራ ተነሥቼ ወደ ፊት ሄድኩ። አዘጋጇ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ጥርስ ሐኪሙ ከፒያኖው ፊት ተቀምጠዋል። «ምን ይዘሽልናል?» አለችኝ። እጄ ላይ የነበረውን ያን አሮጌ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ስለዘገየሁ ይቅርታ» አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ቀኑን አየች። እኔን አየች። ትስቅብኛለች ብዬ ሳስብ «ሦስተኛውን ስንኝ ነው የጠየቁሽ፤ ቀጥይ» አለችኝ፣ እንደ ትናንት አድርጋ።

የመጀመሪያውን ስንኝ ግን አልተውኩትም፤ ከእሱ ጀመርኩ፦

የሰው ልብስ ሲያምር በመርፌዬ ጉልበት፣
የእኔ ቀሚስ ቀረ ተንጠልጥሎ ከቤት።

ሦስተኛው ላይ ስደርስ ተናድጄ ነበር። ላንቺ ነው የዘፈንኩት፤ ልክ ከፊቴ እንደተቀመጥሽ፣ ሜትርሽ አንገትሽ ላይ እንዳለ። ጥርስ ሐኪሙ ፒያኖውን መምታት ትቶ ሰማኝ። ጥሩ ይሁን መጥፎ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። አዘጋጇ ውጤት በር ላይ አትለጥፍም። «የወደቀ ሰው በሰው ፊት አይወድቅም» ብላ ለያንዳንዱ በታሸገ ፖስታ ትሰጣለች። ማዶ የራሷን በሩ ላይ ቀደደችው፤ ከመንገደኞቹ አንዷ ሆናለች፣ ሦስት መስመር ትናገራለች፣ በእነሱ ሦስት መስመሮች ሳምንት ሙሉ አላስቀመጠችኝም።

የእኔን አልከፈትኩትም። እዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለልሽ።

አንቺ ክፈቺው። አንብቢውና የሚለውን ጽፈሽ ላኪልኝ። በስልክ አይሆንም፤ በጽሑፍ። ልምምዱ በሚያዝያ አጋማሽ ይጀመራል ብለዋል፤ መልስሽ ከዘገየ እኔው ነኝ የምቀረው። ማዶ አብደሻል ትለኛለች። ልትሰርቀው ሁለት ጊዜ ቦርሳዬን ፈትሻለች። እኔ ግን በሌላ መንገድ የሚሆንልኝ አይመስለኝም።

ዋኖስ


መጋቢት 20

ለዋኖስ፣

ይህን የምጽፍልሽ ከፖስታ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ነው። ዛሬ ክር ልገዛ ስወጣ ፖስተኛውን መንገድ ላይ አገኘሁት፤ «ላንቺ ወፍራም አለ፤ ቤት ላድርስልሽ?» አለኝ። እዚሁ ስጠኝ አልኩት። ወረቀትሽን ቆሜ አነበብኩ። ከዚያ ሌላውን ፖስታ በእጄ እንደያዝኩ ወደ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ያን ፖስታ ይዤ ቤቴ አልገባም። መሳቢያው እዚያ ነው።

የባንኮኒው ሰው የድሮ ነው፤ ጸጉሩ ሸብቷል። ወንድምሽ መንገድ ሲወጣ ያንቺን የመጀመሪያ ደብዳቤዎች ያነብልኝ የነበረው እሱ ነው። ፖስታውን ስዘረጋ «ላንብብልሽ እትዬ ሰፊ?» አለኝ። «አይ፤ ዛሬ እኔ ነኝ። አንተ ስማ» አልኩት። ምስክር ፈለግሁ።

በመቀሴ ከፈትኩት። ዓይኔ መሃል ላይ ወዳለው ቁጥር ሊሮጥ ፈለገ፤ መለስኩት። ከራሱ ነው የሚነበበው። ጮክ ብዬ አነበብኩ። አሁን እንዳለ እገለብጥልሻለሁ፦

«ለፈተናው ስለቀረቡ እናመሰግናለን። የትኬት ሻጯን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥተናል። እርስዎን የመረጥንዎት ልጇን ሦስት ቀን ባቡር ጣቢያ ለምትጠብቀዋ እናት ነው፤ የመጨረሻው ዘፈን የእሷ ነው። ልምምድ ሚያዝያ 12 ከሥራ በኋላ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይጀመራል።»

ከሥሩ በእጅ የተጻፈ አንድ ቃል አለ፦ «እንዳይዘገዩ።»

ይኸው ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድም አላስቀረሁም። የባንኮኒው ሰው ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶልኛል። ዋናውንም አብሬ መልሼልሻለሁ፤ እኔ ጋ የሚቀር ወረቀት የለም።

ለጠየቅሽኝ ጥያቄ ስንገናኝ እመልሳለሁ፤ ፊት ለፊት፣ እንዳልሽው። እስከዚያ አልዘነጋውም።

ልብሱ የእናትየዋ ከሆነ ጉርዱ ይርዘም። እጥፋቱ ውስጥ ስድስት ሳንቲሜትር ትርፍ ትቼልሻለሁ፤ ፍቺው፤ ከሥሩ ምንም የለም።

የዚህ ባንኮኒ ብዕር በክር ታስሯል፣ ክሩም አጭር ነው፤ ጎንበስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ወገቤ ተነሺ እያለኝ ነው። ሰውየው የዛሬውን የደብዳቤ ከረጢት ሊያስር ነው፤ የከረጢቱን አፍ ከፍቶ ይዞልኛል። «ሂጂ፤ ይገባል» ይለኛል። አልሄድም። ሲገባ አያለሁ፣ ሲታሰርም አያለሁ።

አሳዳጊሽ